ማታ ደንገጎን የምትወጣ መኪና፦ ለትራክ ቀን ስናዘጋጃት የቱን እንምረጥ?

ድሬ ላይ መኪና የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ማርሚታውን ነው። ቀጥሎ ሞላውን ያስቆርጣል። ከዚያ ከዚራ ዛፍ ሥር አቁሞ ፎቶ ያነሳታል። ያምራል፣ አቦ ማን ይክዳል! ግን ያቺው መኪና ሩብ ሰዓት ሙሉ ነዳጅ እስከ ታች፣ ፍሬን እስከ ታች እየተረገጠ ብትነዳ፣ ድምፁም ቁመቱም አያድኗትም።

ይህ መመሪያ ለእንደዚያ ዓይነት ቀን ነው። ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። ሰው የራሱን የመንገድ መኪና ይዞ ዝግ ቦታ ይገባል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይነዳል፣ ይወጣል፣ መኪናውን ያበርዳል፣ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ዋንጫ የለም። ዱባይ አውቶድሮም ወይም ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ከፍሎ መግባት ይቻላል። ድሬ ግን ቋሚ ትራክ የላትም። ስለዚህ እዚህ የማወራው ባለቤቱ የፈቀደውን፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚያውቀውን ሰፊ የአስፋልት ወይም የሲሚንቶ ሜዳ በኮን ከልሎ ስለመንዳት ነው። ትንሽ ቦታ ይበቃል። በኮን መሀል 70 እና 80 በሰዓት ከበቂ በላይ ፈጣን ነው።

ደንገጎ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት፣ ትራክ አይደለም። ሌሊትም አይደለም፣ ቀንም አይደለም። ከኩርባው ጀርባ ሲኖትራክ ይኖራል፣ ቦቴ ይኖራል፣ አህያ የሚነዳ ልጅ ይኖራል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን ደንገጎ ለምርጫችን መለኪያ ይሆናል። አብዛኞቻችን አንድ መኪና ነው ያለን። ቅዳሜ ሜዳ ላይ የተጫወትንባት መኪና እሁድ እናታችንን ጭና ሐረር ትወጣለች። ቁልቁለቱንም ተመልሳ ትወርዳለች። ስለዚህ አንድ ዕቃ ስትመርጡ ጥያቄው «ሜዳ ላይ ስንት ሰከንድ ይቀንስልኛል?» አይደለም። «ይህን ገጥሜ እሁድ ደንገጎን በሰላም እወርዳለሁ ወይ?» ነው። መልሱ ካጠራጠረ ዕቃው ይቅር።

የቷ መኪና?

ያላችሁን መኪና ይዛችሁ ጀምሩ። ለመግዛት ለሚያስብ ግን በከተማችን የሚታዩት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው።

ዲኤክስ የወጣቱ ልብ ናት። ከኋላ የምትገፋ፣ ከ1 ቶን በታች የምትመዝን፣ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ ኮሮላ። መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። መንዳት ለመማር ከእሷ የሚሻል አላውቅም። ስትሳሳቱ ጅራቷን አዙራ ትነግራችኋለች። ችግሯ ዕድሜዋ ነው። 40 ዓመት የሠራ የፍሬን ቱቦ፣ የላላ መሪ፣ የተበላ የወለል ላሜራ። ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለ፣ ኤርባግ የለ። ዲኤክስ የመረጠ ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡ ወደ ማሻሻያ አይሄድም፣ ያረጀውን ወደ መተካት ነው የሚሄደው። ይህን የማይፈልግ አይግዛት።

ቪትዝ አታምርም፣ ማንም ዞሮ አያያትም። የእኔ ምርጫ ግን እሷ ናት። 1.0 ወይም 1.3 ሊትር ሞተር፣ በኮምፒውተር የሚረጭ ነዳጅ፣ ከ1 ቶን ያልበለጠ ክብደት። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ። ቀላል መኪና ፍሬንም ጎማም ብዙ አይበላም። የጎማዋ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ዋጋውም ይቀላል። ከፊት የምትጎትት በመሆኗ ሲበዛባት አፍንጫዋን ወደ ውጭ ትገፋለች፣ እግራችሁን ስታላሉ ትመለሳለች። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነው።

ቱርቦ ያላት የአውሮፓ መኪና ያለው ሰውም አለ። እሱ አንድ ብልጫ አለው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐረር ላይ 100 ፈረስ ጉልበት የተባለችው መኪና 80 ብቻ ቀርቷታል ማለት ነው። ቱርቦ ይህን ጉድለት ብዙውን ይሸፍናል። ግን አየሩን ሲጨምቀው ያግለዋል። በድሬ ሙቀት ላይ ያ ሙቀት ተደምሮ ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳል። ክፍሉም ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅቡቲ እስኪመጣ መኪናዋ ትቆማለች።

ኤሌክትሪኳስ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። መነሻዋ ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን ቮልስዋገን አይዲ 4ን ውሰዱ። ትልቁን ባትሪ የያዘችው 2.1 ቶን ገደማ ትመዝናለች። ያም ሁለት ቪትዝ ነው። የኋላ ፍሬኗ ደግሞ ዲስክ ሳይሆን ታምቡር፣ ማለትም ዝግ ከበሮ ነው። ደጋግማችሁ ስትረግጧት ባትሪው ይግላል፣ ኮምፒውተሩም ጉልበቱን ይቆርጠዋል። ጎማዋን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስትበላው ታያላችሁ። ለከተማ ትሁን፣ ለዚህ ሥራ አልመርጣትም።

ሐረር ላይ ፔጆ 404 ያለው ወንድሜ ደግሞ፣ እባክህ እሷን ተዋት። ስንት ዓመት ታክሲ ሆና ጀጎልን የዞረች መኪና ናት፣ አሁን በዝግታ ትሂድ።

ፍሬን፦ ገንዘቡ ወደዚህ ይሂድ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ፍሬን ስንይዝ የመኪናዋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በካሬ ነው የሚያድገው። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቆም ከ50 መቆም ጋር ሲተያይ አራት እጥፍ ሙቀት ያመነጫል። ከተማ ውስጥ አንዴ ይዘን እንለቃለን፣ ዲስኩ ይበርዳል። ሜዳ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ነው። ዲስኩ ለመብረድ ጊዜ አያገኝም።

ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ሸራው፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል፣ ከአቅሙ በላይ ይግልና መያዝ ያቆማል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ወይ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና ወለል ይነካል። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ነው። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው። ሁለቱን መለየት ጥሩ ነው፣ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና።

ከዘይቱ እንጀምር፣ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ሱቅ ውስጥ ዶት 3፣ ዶት 4 እና አልፎ አልፎ ዶት 5.1 ይገኛል። አዲስ ሲሆን ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ዶት 4 ቢያንስ 230፣ ዶት 5.1 ደግሞ 260። ግን ይህ የአዲሱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲገባበት ቁጥሩ ይወርዳል፦ 140፣ 155 እና 180። እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት ያልተቀየረ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ያነሰ ነው። ማርኩን ከማሳደግ በፊት አዲስ መሆኑ ይቀድማል።

ምርጫዬ አዲስ ዶት 4 ነው፣ ያልተከፈተ ዕቃ፣ ከሜዳው ቀን በፊት ባለው ሳምንት የተቀየረ። ዶት 5.1 ከተገኘ ይሻላል፣ ካልተገኘ ግን ለፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ጋራዥ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን ዘይት ግን ፈጽሞ አትቀበሉ። ሦስቱ ዓይነቶች እርስ በርስ ቢቀላቀሉ አይጎዳም። ዶት 5 የሚል ብቻውን ካያችሁ ግን ተዉት። እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይሄድም። ሲቀየር ደግሞ አየሩ ከአራቱም ጎማ መውጣት አለበት። መካኒኩ የፊቱን ሁለት ብቻ አስተንፍሶ «አለቀ» ቢላችሁ አላለቀም።

ወደ ሸራው እንምጣ። እዚህ ሦስት ምርጫ አለ፦ ተራው የመንገድ ሸራ፣ ጠንከር ያለው የመንገድ ሸራ፣ እና የውድድር ሸራ።

የውድድር ሸራ በስሙ ያታልላል። ሲግል ነው የሚይዘው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ከሳቢያን ወደ መጋላ ስትወርዱ፣ ባጃጅ ፊታችሁ ሲቆም፣ ያ ሸራ ገና አልነቃም። ይጮሃል፣ ዲስኩን ይበላል፣ አቧራው ቸርኬውን ያጠቁረዋል። የመንገድ መኪና ላይ አላስገጥምም። ተራው ሸራ በበኩሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ላይ ያልቅበታል። መሀለኛው ነው የሚሻለው፣ ብረት የተቀላቀለበት የመንገድ ሸራ።

ግን ሱቁ ውስጥ ማሸጊያው ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው የሚለው። በምን ይለያል? ብዙ ሸራ ጀርባው ወይም ጠርዙ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ታትሞበታል። ከዚያ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይፈለጋሉ። የመጀመሪያው ሸራው በተለመደው ሙቀት ሲይዝ ያለውን አቅም፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን ያሳያል። ፊደሉ የሚቆመው ለፍትጊያ ልኬት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር የበለጠ ይይዛል። ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35 ነው። ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ሁለቱም ኤፍ የሆኑበት ለእኛ ሥራ ጥሩ ነው። ሁለቱም ኢ ከሆኑ ለሌላ ሰው ይሁኑ። መጀመሪያው ኤፍ፣ ሁለተኛው ኢ ከሆነ ደግሞ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፣ እኛን የሚጎዳን እሱ ነው። ምንም ፊደል የሌለበትን ሸራ ባለሱቁ በአላህ ቢምልላችሁም አትግዙ።

አዲስ ሸራ ተገጥሞ በቀጥታ ሜዳ አይገባም። ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ሌሊቱ ሲነጋ፣ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ከ60 ወደ 10 ገደማ ደጋግሞ ረገጥ እያደረጉ መቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ። ከዚያ ሳይረግጡ ነድቶ ማብረድ። ይህን ያልሠራ ሰው አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ባሰ ብሎ ይመጣል።

የኋላው ታምቡር ብዙ አያሳስባችሁ። ከባዱን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ተከፍቶ አቧራው ይጽዳ፣ ይስተካከል፣ የሚያንጠባጥብ ካለ ይቀየር። በብረት ሽቦ የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ ከውጭ የሚያስመጣም አለ። ፔዳሉ ይጠነክራል። ሆኖም የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ያለው ሰው አዲስ ጎማ ቱቦ ቢያስገባ ያው ትልቅ ለውጥ ያያል፣ ገንዘቡም ይተርፈዋል።

ጎማ፦ አዲስ ደካማ ወይስ ያገለገለ ጠንካራ?

በድሬ ገበያ እውነተኛው ክርክር ይህ ነው። አንድ በኩል ያገለገለ፣ ስሙ የታወቀ፣ ሰፊ ጎማ። በሌላ በኩል አዲስ፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው ጎማ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ሰፊ ስለሆነ ያምራል።

ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ የጎማውን ጎን እዩ። በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ድሬ ፀሐይ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል። ጥፍራችሁን ስትጫኑት አይገባም። እንዲህ ያለው ጎማ ከ6 ዓመት በላይ ከሆነው ስሙ ምንም ቢሆን ለሜዳ አልወስደውም። አዲሱን ስመ ቢስ እመርጣለሁ።

አዲሱንም ሲመርጡ ሦስት ነገር ይነበባል። የፍጥነት ፊደሉ አንዱ ነው፦ ኤስ እስከ 180፣ ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እንደዚያ አትነዱም፣ ግን ኤች የተጻፈበት ጎማ ሙቀትን ለመቋቋም የተሻለ ተደርጎ ተሠርቷል። ሁለተኛው ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ነው። ከፍ ሲል ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ አስፋልቱን የተሻለ ይጨብጣል። 200 የትራክ ሰው የሚወደው ነው። ተራው የመንገድ ጎማ ከ400 በላይ ይጻፍበታል። ሦስተኛው የሙቀት ደረጃው ነው፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ። ለድሬ ኤ ብቻ። ሦስቱን ማግኘት ካልቻላችሁ ይህን የመጨረሻውን አትልቀቁ።

ከፊል የውድድር ጎማ የሚባለውስ? ለቪትዝም ለዲኤክስም በ13 ኢንች ቁጥር ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ቢገኝም ጥርሱ ጥቂት ስለሆነ ክረምት ላይ ዝናብ ወርዶ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለት ዙር ጎማ ይዞ መዞር ደግሞ ቪትዝ ጀርባ ላይ አይታሰብም። ተዉት።

የነፋሱ ነገር አጭር ነው። መኪናዋ በር ላይ የተጻፈውን መነሻ አድርጉ። ጎማ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሙቀት 1 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። ሐረር በጠዋት ብርድ የሞላ ሰው ድሬ ሲደርስ እንደገና ይለካ። ሜዳ ላይ ከአንድ ተራ በኋላ ብዙ ሲጨምር ትንሽ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ ግን ወደ ቤት ከመሄድ በፊት መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ተጭኖ ደንገጎን ሲወጣ ሊፈነዳ ይችላል።

ሙቀትና አቧራ፦ የእኛ ዋና ተቃዋሚዎች

አውሮፓ የሚጻፈውን ምክር ስታነቡ ስለ ጉልበት ብዙ ይወራል። እነሱ አየራቸው ቀዝቃዛ ነው። እኛ ጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሱቁ ራሱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ሰው ያረፈበትን ሰዓት ሞተር እንዲሠራ መጠየቅ ድፍረት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ክፍት ዕቃ ውስጥ ውሃ ጅቡቲ ላይ በ100፣ ድሬ ላይ በ96 ገደማ፣ ሐረር ላይ በ94 ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ግፊት ይይዝና መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን 20 ዲግሪ ገደማ ይጨምርለታል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይይዝም። ስለዚህ ትልቅ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከማስመጣት በፊት አዲስ ክዳን ግዙ። ከዚያ ቺንጋውን፣ የማራገቢያውን ሥራ፣ ቱቦዎቹን እዩ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም የሙቀት መርፌው ከወጣ ያኔ ስለ ራዲያተር እናወራለን።

ውስጡ የሚገባው ፈሳሽስ? ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ የቧንቧ ውሃ የሚያደርግ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚያደርግ፣ ኩላንት የሚያደርግ። የቧንቧውን ድሬ ላይ አትሞክሩት። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፣ ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሙቀትን ከኩላንት የበለጠ ይሸከማል። ግን ዝገት አይከላከልም፣ ቀድሞም ይፈላል። ድሬ ውርጭ ስለሌላት ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ መሆን የለበትም። እኔ ለባትሪ ከሚሸጠው ንጹሕ ውሃ ጋር ቀነስ አድርጌ የተቀላቀለውን እመርጣለሁ። ብረቱን ይጠብቃል፣ ሙቀቱንም ያወጣል። መኪናዋ ሐረር ወይም ዓለማያ የምታድር ከሆነ ግን ግማሽ በግማሹ ይሁን። እዚያ ሌሊቱ ይበርዳል።

የሞተር ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም። አዲስ ይሁን፣ መለኪያው ላይ የላይኛው ምልክት ጋ ይድረስ፣ አይለፍ። ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ጎዶሎ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር የዘይቱን ውፍረት ይነግራል፦ ቪትዝ በ5ደብልዩ-30 ከተነዳች ለዚያ ቀን 10ደብልዩ-40 ማድረግ ለድሬ ሙቀት ይስማማል። አሮጌዋ ዲኤክስ 20ደብልዩ-50ን አትጠላም።

ክፍቱ የአየር ፊልትሮ ሌላው የወጣት ምኞት ነው። ሲስብ ይጮሃል፣ ደስ ይላል። ኮፈኑ ሥር ግን ራቁቱን ተቀምጦ የሞተሩን ሙቅ አየር ነው የሚስበው። ሙቅ አየር ቀጭን ነው፣ ጉልበት ይቀንሳል። የአቧራው ነገር ደግሞ የከፋ ነው። ርካሹ ክፍት ፊልትሮ ደቃቁን አሸዋ ያሳልፋል። ያ አሸዋ ፒስተኑን ይልጋል። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ በራሱ ሳጥን ውስጥ፣ ይኸው ነው። ከሜዳው ቀን በኋላም ይራገፍ።

ማርሚታውስ ካላችሁ፣ ቪትዝ ላይ የሚጨምረው ድምፅ ነው። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱም ያስጠይቃችኋል።

ሞላ፣ መሪና ክብደት

ሞላ መቁረጥን እቃወማለሁ። የተቆረጠ ሞላ አጭርና ደረቅ ይሆናል። አሞርዛተሩ ለዚያ አልተሠራም፣ ቶሎ ያልቃል። መኪናዋ ከፍ ስትል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ከተማው ውስጥ ባለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይም ሆድ ይጎተታል። ከመቁረጥና አዲስ አሞርዛተር በፋብሪካው ሞላ ከማስገጠም መምረጥ ካለባችሁ ሁለተኛው ነው። መኪናዋ ከፍ ብላ ትታያለች፣ ኩርባ ላይ ግን ትታዘዛለች። ዝቅ ብሎ የተሠራ እውነተኛ ሞላ ከውጭ የሚያገኝ ሰው እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል አልከራከረውም።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደርጉ። ርካሽ ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይሰማል።

ከሁሉም ነፃው ክብደት መቀነስ ነው። ተጠባባቂውን ጎማ፣ ክሪኩን፣ ጀርባ ላይ የከረመውን ጄሪካን ሜዳው ዳር አውርዱ። የሾፌሩን ወለል ምንጣፍም፣ ፔዳል ሥር እንዳይገባ። ስትመለሱ ሁሉም ቦታው ይግባ።

ራስ ላይ የሚደረገው

ሔልሜት ላይ ሁለት ዓይነት አለ። የመኪና ውድድር ሔልሜት በስኔል ደረጃ ኤስኤ ይባላል። እሳት እንዲቋቋም ተፈትኗል፣ ከመኪና ውስጥ ብረት ጋር ደጋግሞ ቢጋጭም ታስቦበታል። የሞተር ብስክሌቱ ኤም ነው፣ የእሳት ፈተናው የለበትም። የመጀመሪያው ተመራጭ ነው። ነገር ግን ለኮን ሜዳ ሁለተኛው፣ ደረጃው የታወቀ ከሆነ፣ ከባዶ ራስ እጅግ ይሻላል። መንገድ ዳር የሚሸጠው ቀጭን የፕላስቲክ ቆብ ከሁለቱም አይቆጠርም።

አራት ማሰሪያ ያለው የውድድር ቀበቶ በፋብሪካው ወንበር ላይ ማስገጠም ግን ስህተት ነው። ያለ ብረት ቤት (ጣሪያውን የሚደግፍ የብረት ቱቦ አጥር) እና ያለ ራሱ ወንበር ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ያስረዋል። መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው ሲወርድ ሰውየው የሚያጎነብስበት የለውም። የፋብሪካው ሦስት ነጥብ ቀበቶ ጤነኛ ከሆነ ይብቃችሁ። የዲኤክስ ቀበቶ ደግሞ በፀሐይ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ጎትታችሁ ሞክሩት።

ኢንሹራንሱንም ቀድማችሁ አንብቡ። ውድድርና የፍጥነት ሙከራ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ነው። ሜዳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የራሳችሁ ነው ብላችሁ ግቡ፣ ማጣት የማትችሉትን መኪናም አታስገቡ።

የዕለቱ ሰዓት

ጠዋት 1 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ያለው ሁለት ችግር አለበት። አንዱ ሙቀቱ ነው። ሁለተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የበርጫ ሰዓት ነው። የመረቀነ ሰው ፍጥነቱን አያውቀውም፣ እኔ ጎበዝ ነኝ ማለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሜዳ አይግባ።

የመጀመሪያው ዙር ማሟሟቂያ ነው፣ የመጨረሻው ማብረጃ። ከወጣችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የጋለ ታምቡር ላይ ሸራው ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪበርድ አትንኩ።

ወደ ቤት ከመነሳት በፊት የጎማ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ሲግሉና ሲበርዱ ይላላሉና። ለቪትዝ የማጥበቂያው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ ቁልፍ ያለው ጎሚስታ ካገኛችሁ በሱ አስጠብቁ፣ በእግር እየረገጠ የሚያጠብቀውን ተዉት። የፍሬን ዘይቱ መያዣ ውስጥ ደረጃው ይታይ። ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉ ይረገጥና ለግማሽ ደቂቃ ይያዝ። ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ያን ቀን ደንገጎን መውጣትም መውረድም የለም። መኪናዋ ድሬ ትደር፣ ሰውየው በሚኒባስ ሐረር ይግባ። ጠዋት መካኒክ ይየው፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ወይም የደከመ የፍሬን ፓምፕ ሊኖር ይችላል፣ ዘይት መቀየር ብቻውን አይበቃም።